ጋሼ አዲሱን ዊንዶውስ ለምን አስነሱት?

ጥያቄ፦ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ፣ አባቴ ከሃያ ዓመት በፊት የከፈቱትን የሂሳብ ሥራና የጽሕፈት አገልግሎት ቢሮ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምመራው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሠራተኞችና አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች አሉን። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ መቋረጡን ስሰማ፣ አቅሙ ያላቸውን አምስት ኮምፒውተሮች በአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ ዊንዶውስ 11 አስቀየርኩ። ሰኞ ጠዋት ወጣቱ የአይቲ ሠራተኛችንና እንግዳ ተቀባያችን ደስ አላቸው። ከአባቴ ጋር ቢሮውን ያቆሙት፣ እኔንም ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ዋናው የሂሳብ ሠራተኛችን ግን «ላልታመመ ሰው መርፌ ይወጋል?» አሉና ቀኑን ሙሉ ዝም ብለው ዋሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በምሳ ሰዓት ኮምፒውተራቸውን አስጭነው ቴክኒሻን ዘንድ ወስደው፣ ከኪሳቸው ከፍለው ወደ ዊንዶውስ 10 አስመልሰውታል። አባቴ «ጋሼን እንዳታስቀይሚ» ይሉኛል፤ የአይቲው ልጅ ደግሞ «ትልቅ ሰው አዲስ ነገር አይወድም» ይለኛል። ልዘዛቸው ወይስ ልተዋቸው? አንዱ በአንድ ቀን የወደደውን ነገር ሌላው እንደ ጠላት የሚያየውስ ለምንድን ነው?
ግራ የገባኝ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ አቅራቢያ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ የቀረው ጋሼ ኮምፒውተራቸውን በምሳ ሰዓት አስጭነው መውሰዳቸው ላይ ነው። አዲስ ነገር የፈራ ሰው እንዲህ አያደርግም። የፈራ ሰው ያጉረመርማል፣ ሥራውን ያጓትታል፣ ሲጠየቅም «ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ» ይላል። እሳቸው ግን ችግራቸውን ለይተው፣ የሚፈታላቸውን ሰው ፈልገው፣ ገንዘብ አውጥተው ሥራቸውን መሥራት ወደሚችሉበት ቦታ ተመልሰዋል። በሃምሳና በስድሳ ዓመት ዕድሜ ይህን ያህል ትጋት የሚያሳይ ሰው አንድ ነገር ቢያጣ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚያሳምኗቸው ከማሰብዎ በፊት፣ በዚያ ሰኞ ጠዋት ምን እንዳጡ ማወቅ ይኖርብዎታል።

ይህን በድፍረት የምጽፍልዎት ያንኑ ስሕተት ከእርስዎ በባሰ መንገድ ስለሠራሁት ነው። በ2006 ዓ.ም. የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን ሊያበቃ ሲል፣ ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹን ወደ ዊንዶውስ 7 የመቀየር ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። እኔም እንደ እርስዎ ቅዳሜና እሑድን መረጥኩ። በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራቸውን በሙሉ ዴስክቶፑ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ቀድቼ፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጌ፣ መልሼ ጫንኩላቸው፤ አንድም ፋይል አልጎደለም። ሰኞ ጠዋት ስክሪኑን አይተው እንባቸው መጣ። እኔ «እትዬ፣ ፋይሉ እኮ አልጠፋም!» እያልኩ በጣቴ አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለካስ ፋይሎቹ የተደረደሩበት ቦታ ትርጉም ነበረው። ከላይ በግራ በኩል ያሉት ፊርማ የሚጠብቁ ደብዳቤዎች፣ መካከል ላይ ያሉት ከሌላ ክፍል መልስ ያልመጣላቸው፣ ከታች በቀኝ በኩል ያሉት ደግሞ ወጪ ሆነው ያለቁ ነበሩ። እኔ በፊደል ተራ ደርድሬ መለስኩላቸው። ያ አደራደር የመሥሪያ ቤቱ እውነተኛ የደብዳቤ መከታተያ ነበር፤ በየትኛውም ፋይል ውስጥ ስላልተጻፈ በባክአፑ ውስጥም አልገባም። መልሰው ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀባቸው፤ ለእኔ የነበራቸው እምነት ግን በሦስት ሳምንትም አልተስተካከለም።

በአገራችን እንዲህ ያለውን ነገር «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» በሚለው ተረት እናሳልፈዋለን፤ ሰዎች ተረቱን ሲጠቅሱም ባለመማር ወይም በዕድሜ ያሳብባሉ። ነገሩ ግን የዕድሜም የትምህርትም አይደለም። ካህነማን፣ ኔትሽ እና ቴለር የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ለአንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተራ የቡና ኩባያ ሰጥተው በስንት እንደሚሸጡት፣ ኩባያ ላልደረሳቸው ደግሞ በስንት እንደሚገዙት ጠየቁ። ኩባያው ከደቂቃዎች በፊት እጃቸው የገባው ወጣቶች፣ ሊገዙ የሚፈልጉት ከሚያቀርቡት ዋጋ እጥፍ ያህል ጠየቁበት። ሰው ያለውን ለመልቀቅ የሚጠይቀው ዋጋ ያንኑ ነገር ለማግኘት ከሚከፍለው ይበልጣል። እነዚያ ወጣቶች በደቂቃ ውስጥ እንዲህ ከሆኑ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እጃቸውን ያሠለጠኑ የሂሳብ ሠራተኛ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ሳያዩ የማግኘት ችሎታቸውን በነፃ ይልቀቁ ማለት አይቻልም።

የዊንዶውስ የራሱ ታሪክም ተጠቃሚ አዲስ ነገር ሁልጊዜ ይጠላል የሚለውን አባባል ያፈርሰዋል። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ለዓመታት ከተለመደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ ቪስታ መጣና ተጠላ። ለኤክስፒ 128 ሜጋባይት ሜሞሪ ይበቃል ተብሎ ሲመከር፣ ቪስታ በትንሹ 512 ይፈልግ ነበር። ለብዙ ፕሪንተሮችና ስካነሮች ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አልተዘጋጀም ነበር፤ ተጠቃሚው አንዳች ነገር በነካ ቁጥርም ስክሪኑ ጨለም ብሎ ፈቃድ ይጠይቀው ነበር። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ቪስታን ዘለሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲወጣ ግን ያው «አዲስ ነገር የማይወደው» ሕዝብ በደስታ ተቀበለው። የሚገርመው ሁለቱ በውስጣቸው የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው፤ የውስጥ መለያ ቁጥራቸው እንኳ የቪስታ 6.0፣ የዊንዶውስ 7 ደግሞ 6.1 ነው። በመካከሉ ኮምፒውተሮቹ ጉልበት አግኝተዋል፣ የፕሪንተር አምራቾች ድራይቨር አዘጋጅተዋል፣ ያ የፈቃድ ጥያቄም ቀንሷል። ሰው የጠላው አዲስነቱን ቢሆን ኖሮ ሰባተኛውንም ይጠላው ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያውን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ያመጣልን ያው የተረገመው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ ለመጻፍ የሌላ ሰው ሶፍትዌር መጫን ግድ ነበር። በአገራችን ቪስታን የሚያመሰግን ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔ ግን ውለታው አለብኝ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ የስታርት ቁልፉን ከማዕዘኑ አነሳው። ከ1995 ጀምሮ የመላው ዓለም እጅ ወደዚያ ማዕዘን መሄድ ለምዶ ነበርና ቅሬታው በዛ፤ በዓመቱ በ8.1 ቁልፉ ወደ ቦታው ተመለሰ። የእርስዎ ዊንዶውስ 11 ያንን ቁልፍ ወደ መሐል አምጥቶታል፤ ስለዚህ የጋሼ እጅ በየቀኑ ምናልባት መቶ ጊዜ ባዶ ቦታ ይነካል ማለት ነው። ይህ በአንድ ደቂቃ ይፈታል፤ በታስክባሩ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ግራ የሚመልሰው ምርጫ አለ። በዚያ ሰኞ ጠዋት ይህን ያደረገላቸው ሰው እንደሌለ ግን ከደብዳቤዎ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። እንግዳ ተቀባይዋ በአንድ ቀን የለመደችው ከጋሼ ስለምትፈጥን ላይሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ክሮም ውስጥ ከሆነ፣ ኢሜይሏም ቴሌግራሟም የቀጠሮ ሠንጠረዧም እዚያው ካለ፣ ስርዓተ ክወናው፣ ማለትም ዊንዶውሱ፣ ለእሷ የቤት በር ማለት ነው፤ የበሩ ቀለም ቢቀየርም ውስጡ ያው ነው። ምንም ሳታጣ አዲስ መልክ አግኝታለች። ጋሼ ግን የሚሠሩት ከስርዓተ ክወናው ጋር በተጋቡ ፕሮግራሞች፣ ፕሪንተሮችና ፎንቶች ነው፤ በሩ ሲነሳ ግድግዳውም አብሮ ይነሳባቸዋል። በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዎች «ዊንዶውስ ተቀየረ» ሲሉ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተናገሩ ሊሆን ይችላል።

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች አንድን የኮምፒውተር ሥርዓት ለመጠቀም የሚወስኑት በሁለት ነገር ነው ብሎ ነበር፤ ለሥራዬ ይጠቅመኛል በማለታቸውና ለአጠቃቀም አያስቸግረኝም በማለታቸው። ከሁለቱ ይበልጥ ከአጠቃቀማቸው ጋር ተያይዞ ያገኘው የመጀመሪያውን ነው። ሰው የሚጠቅመው ከሆነ ችግሩን ይችለዋል፤ የማይጠቅመው ከሆነ ግን ቅለቱ አያስቀረውም። ይህን በጋሼ ላይ መፈተን ይችላሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ማንም ሠልጣኝ ቤታቸው ድረስ አልሄደም፤ ዛሬ ግን ታክሲም ሆነ አስቤዛ ላይ ስልካቸውን አውጥተው ሲከፍሉ ሳያዩዋቸው አልቀሩም። ያ ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ደግሞ ከዊንዶውስ ፈጽሞ የተለየ፣ በሊኑክስ ላይ የተሠራ ስርዓተ ክወና ነው። ተሰልፎ ከመቆም ስለገላገላቸው ተማሩት። ዊንዶውስ 11 ከምን እንደሚገላግላቸው ግን እስከ ዛሬ አልተነገራቸውም፤ የተነገራቸው «ድጋፉ አብቅቷል» የሚል፣ ለእሳቸው ምንም የማይል ዓረፍተ ነገር ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ለማንሳት ትንሽ ይከብዳል። ሊን ማርኩስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ የገባ አዲስ የፋይናንስ መረጃ ሥርዓት በዋናው መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኞች ሲወደድ በየክፍሉ ያሉት ለምን እንደታገሉት ይተነትናሉ። ሁሉም የሂሳብ ሠራተኞች ናቸው፣ ዕውቀታቸውም ተመሳሳይ ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ሥርዓት መረጃውን ከክፍሎቹ እጅ አውጥቶ ለዋናው መሥሪያ ቤት ስለሚያስረክብ የወደዱት ሥልጣን ያገኙት፣ የታገሉት ደግሞ ያጡት ሆኑ። በእርስዎ ቢሮ እስከዚያ ዓርብ ድረስ «ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?» ተብሎ የሚጠየቁት ጋሼ ነበሩ። ከሰኞ ጀምሮ የሚጠየቀው ልጁ ሆነ። ጋሼ ማተም ሲፈልጉ ከእሳቸው በሠላሳ ዓመት የሚያንስ ልጅ ጠርተው ማውዛቸውን ለቀው ዳር መቆም ነበረባቸው። ልጁ አዲሱን ዊንዶውስ የወደደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል፤ ስላልታወቀው እንጂ እሱም የራሱን ጥቅም ነው የወደደው። አልወቅሰውም። ነገር ግን «ትልቅ ሰው አዲስ ነገር አይወድም» የሚለውን የእሱን ቃል እንደ ባለሙያ ምስክርነት አይውሰዱት።

ጋሼ በቴክኒክ ረገድም ትክክል ሊሆኑ የሚችሉባቸው ጉዳዮች አሉ፤ እነሱን ሳያጣሩ አንድም ቃል አይናገሯቸው። በከተማችን እንዳሉ ብዙ ቢሮዎች ፒችትሪ በተባለው የቆየ የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የሚሠሩ ከሆነ፣ ያ ሶፍትዌር በዚህ ስም መሸጥ ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሲሠራም ዊንዶውስ 11 የሚባል ነገር አልነበረም። ቢነሳ እንኳ የወር መዝጊያ ላይ ወይም ሪፖርት ሲታተም ሊያስቸግር ይችላል። ፕሪንተራቸው የቆየ ዶት ማትሪክስ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚሠራው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ ለ32 ቢት የተዘጋጀ ድራይቨር አይቀበልም።

ሦስተኛው የፎንት ነገር ነው፤ ይህ ለጽሕፈት ክፍልዎም ይሠራል። ለዓመታት በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፉ ሰነዶች አሉ። የእነዚህ ሶፍትዌሮች የቆዩ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የተሰጠውን የራሱን ቦታ አይጠቀሙም፤ የፊደላችንን ምስል የላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ «ውል» የሚለው ቃል ከየትም ያልመጣ የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። የአሥር ዓመት የደንበኛ ውል እንዲህ ሆኖ የተከፈተበት ሰው «ፋይሌ ተበላሸ» ብሎ ቢደነግጥ ተሳስቷል አይባልም። መፍትሔው ፎንቶቹን አስቀድሞ መጫን፣ የሚፈለጉትን ሰነዶች ደግሞ በጊዜ ሂደት ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ሲቀየሩ አንዳንድ ፊደላት፣ በተለይ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ፣ ሊዛቡ ስለሚችሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት።

ይህን ሁሉ ብዬ ለጋሼ የፈረድኩ ከመሰለዎት፣ እርስዎ የያዙት እውነት ደግሞ ከሦስቱም ይከብዳል። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ማስተካከያ አያገኝም። ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የተራዘመ ማስተካከያ አለ። ለድርጅቶች ግን ለአንድ ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ተተምኗል፣ ዋጋውም በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል፤ የውጭ ምንዛሪውን ወረፋ ለሚያውቅ ሰው ይህ መፍትሔ አይባልም። በቴክኒሻኑ ቤት የተጫነው ዊንዶውስ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተከፈተ፣ ከሆነ ደግሞ ክራኩ ራሱ ምን ይዞ እንደገባ የሚያውቅ የለም።

አደጋውን ለጋሼ ሲነግሯቸው ግን «ቫይረስ» አይበሏቸው፤ ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሣ ዋጋ አጥቷል። በሂሳብ ሠራተኛ ቋንቋ ይንገሯቸው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ሲያጠቃ፣ ያደረገው የሰዎቹን ፋይሎች ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን መጠየቅ ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕመምተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። አሁን በጋሼ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የደንበኞች ሌጀር፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የግብር ማስታወቂያ የእርስዎም የእሳቸውም አይደለም፤ አደራ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቢቆለፍ፣ ደንበኛው ፊት ቆመው የሚጠየቁት ልጁ ሳይሆን እሳቸው ናቸው። ይህን ያልተረዳ የሂሳብ ሠራተኛ እስካሁን አላየሁም።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቋቸው፤ ይቅርታው ግን ዊንዶውሱን ስለቀየሩ አይደለም፣ ሳይነግሯቸው ስለቀየሩ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሰዎችን ወደ ዊንዶውስ 10 ሲያሻግር፣ የማሳወቂያውን መስኮት በኤክስ ምልክቷ መዝጋት እንደ እሺታ እንዲቆጠር አድርጎ ብዙ ተወቅሷል። ተጠቃሚ ሳይጠየቅ የተደረገለትን መልካም ነገር እንኳ እንደ ወረራ ያየዋል። ይቅርታውን ሠራተኛ በተሰበሰበበት አያድርጉት፤ ከሥራ በኋላ ቡና ጋብዘዋቸው ለብቻቸው ይሁን። አባትዎንም በዚህ ውስጥ አያስገቧቸው፤ ጋሼ በአባትዎ ትእዛዝ እሺ ካሉ ከዚያ በኋላ አለቃቸው እርስዎ መሆንዎ ያበቃል።

ቀጥሎ አንድ ሙሉ ጠዋት ከጎናቸው ወንበር ስበው ይቀመጡና የሚሠሩትን ሁሉ ይጻፉ። የትኛውን ፕሮግራም በምን ቅደም ተከተል እንደሚከፍቱ፣ ምን እንደሚያትሙና በየትኛው ፕሪንተር፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለው አደራደር ትርጉም ካለው ትርጉሙን ጭምር። አይቅደሟቸው፣ አያርሟቸውም። የእኔን የመዝገብ ቤት እናት ታሪክ የነገርኩዎት ለዚህ ነው፤ ያኔ አንድ ጠዋት ብቀመጥ ኖሮ ሦስት ሳምንታቸው ባልባከነ ነበር።

ከዚያ በሙያቸው የሚያውቁትን ልማድ ይጠቀሙ። አንድ ቢሮ የሂሳብ ሥርዓት ሲቀይር የቆየውና አዲሱ ጎን ለጎን ተይዘው፣ የሁለቱ የሙከራ ሚዛን እስኪገጥም ድረስ አንዱ አይዘጋም። ለጋሼ ይህንኑ ያቅርቡላቸው፤ ዊንዶውስ 11 ያለበት ሁለተኛ ኮምፒውተር ከጎናቸው ይቀመጥ፣ አንድ ደንበኛ ይምረጡና የዚያን ደንበኛ አንድ ወር በሁለቱም ይዝጉ። ከገጠመ «ገጥሟል» ብለው የሚፈርሙት እሳቸው ይሁኑ፤ ካልገጠመ የጎደለውን የሚዘረዝሩትም እሳቸው ይሁኑ፤ ልጁ ዝርዝሩን ይዞ ያስተካክል። እንዲህ ሲሆን ጋሼ የሚጠየቁ ሰው ወደ መሆን ይመለሳሉ። ሙከራውን ግን በሰኔ መዝጊያም ሆነ ከሐምሌ በኋላ ባለው የግብር ማስታወቂያ ወራት አያድርጉት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በዚያ ሰሞን ላለ የሂሳብ ቢሮ የተተረተ ይመስለኛል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ለልጁ አንድ ደንብ ብቻ ይስጡት፤ ጋሼን ሲያሳይ ማውዛቸውን አይንካ። በአፉ ይምራ፣ እጃቸው ይሥራ። ለወጣት ባለሙያ ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም፤ በእኔ ልምድ ግን ከአሥር ገጽ መመሪያ ይህ ይበልጣል።

ስለ ቀሩት ስድስት ኮምፒውተሮች ባይጠይቁኝም ዝም ልል አልቻልኩም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚፈልግና ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ስለማይቀበል ነው የቀሩት። ቴክኒሻኖች ይህን መስፈርት አልፈው ይጭኑልዎታል፤ ማይክሮሶፍት ግን በእንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች ላይ ማስተካከያ ለመስጠት ዋስትና ስለማይሰጥ የሸሹትን ችግር በአዲስ ስም መልሰው ያገኙታል። ሥራቸው ክሮም ውስጥ ብቻ ለሆነ ሠራተኞች በሊኑክስ ላይ የተሠራውን ኡቡንቱ የተባለ ስርዓተ ክወና ይሞክሩ፤ ነፃ ነው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም እስከ 2029 ማስተካከያ ያገኛል። ለሁሉም ላድርገው ካሉ ግን የሙኒክን ከተማ ያስታውሱ። የከተማዋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሻገር ወስኖ ከአሥር ዓመት በሚበልጥ ጊዜ 15 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮችን ካሻገረ በኋላ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ስለ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ፖለቲካም አለበት። ከቅሬታዎቹ አንዱ ግን ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ሰነዶች በትክክል አለመከፈታቸው ነበር፤ የእርስዎ ቢሮ ደግሞ የሚኖረው ከሌሎች በሚመጣ ሰነድ ነው።

የማይደራደሩበትን ነገር አስቀድመው ይወስኑና በቀስታ ይናገሩት። ከሙከራው በኋላ ኢንተርኔት የሚገናኝ ዊንዶውስ 10 በቢሮው ውስጥ አይኖርም። ፒችትሪው አዲሱ ላይ እምቢ ካለ የጋሼ አሮጌ ኮምፒውተር የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎ፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ፣ ለፒችትሪና ለዶት ማትሪክሱ ብቻ ይቆይ። ባክአፕ በየሳምንቱ ለዚሁ ብቻ በተመደበ ፍላሽ ይወሰድ፤ ያ ፍላሽ ሌላ ቦታ አይሰካ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ፣ ሙከራው ገጥሞ፣ እሳቸውም ፈርመው አሁንም አሻፈረኝ ካሉ፣ ያኔ ማዘዝ የእርስዎ ነው፤ ሲያዙም አይቅለስለሱ። እንደማይደርሱበት ግን ተስፋ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ጋሼ ለቴክኒሻኑ ከኪሳቸው የከፈሉትን ገንዘብ ይመልሱላቸው። ቢሮዎ የማይሠራ ዕቃ ሰጣቸው፣ እሳቸው በራሳቸው ወጪ እንዲሠራ አደረጉት፤ ከጥቃቅን ወጪ ሂሳብ ላይ የሚከፈል ሕጋዊ ወጪ ነው። ቴክኒሻኑ ደረሰኝ አልሰጣቸውም ይሆናል፤ ጋሼም ያለ ደረሰኝ አልቀበልም ብለው እንደሚከራከሩዎት ከአሁኑ ይወቁት።